የፖሊሲ ሪፖርትና የሕዝብ አስተዳደር ፈተና፤ በመልስ አጻጻፍ ላይ የቀረበ ሂስ

የሕዝብ አስተዳደር ተፈታኞች መልሳቸውን በመንግሥት የፖሊሲ ሰነዶችና ሪፖርቶች እንዲያስደግፉ መምከር በመምህራን ዘንድ የቆየ ልማድ ነው። ምክሩ ተገቢ ነው፤ የአስተዳደር ንድፈ ሐሳብ ያለ አገሩ ማስረጃ ብቻውን አይቆምምና። በመልስ ወረቀቶች ላይ የሚታየው አጠቃቀም ግን ብርቱ ሂስ ያስፈልገዋል። ተማሪው ከሪፖርቱ የሚወስደው አብዛኛውን ጊዜ የሰነዱን ስምና ቁጥሩን ነው፤ ማን፣ መቼና ለምን ዓላማ እንደ ጻፈው አይጠይቅም። ይበልጥ የሚያሳስበው አራሚውም አለመጠየቁ ነው።

ነገሩን ለማስረዳት የልደታን የቤት ጉዳይ እንውሰድ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነባሩ ሰፈር ለመልሶ ማልማት ፈርሶ በቦታው የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ቆመዋል። ከፈረሱት መካከል ብዙዎቹ የቀበሌ ቤቶች ነበሩ፤ ይኸውም በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን በቀበሌዎች እጅ የገቡ፣ ኪራያቸውም እጅግ ዝቅተኛ የነበረ ቤቶች ናቸው።

«የከተማ ቤቶች ፖሊሲን ውጤታማነት ገምግም» የሚል ጥያቄ ሲቀርብ ተማሪው ፈጥኖ «400 ሺህ ቤቶች ተሠርተዋል» ብሎ ይጽፋል። ቁጥሩ ከሰነድ የመጣ ነው፤ ነገር ግን በ1990ዎቹ መጨረሻ የተነሣው የተቀናጀ የቤቶች ልማት ፕሮግራም ግብ እንጂ ክንውን አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የሰዎች ሰፈራ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተመው ጥናት እስከዚያ ጊዜ የተሠሩት 171 ሺህ ያህል መሆናቸውን አስፍሯል። በግቡና በክንውኑ መካከል ያለው ርቀት ለምን እንደ ተፈጠረ መመርመር የትምህርቱ እምብርት ነው፤ ተማሪው ግን ርቀቱን ራሱን ሰርዞታል።

171 ሺህ ብሎ በትክክል የጻፈውም ቢሆን ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው። ሪፖርት የሚቆጥረው የተሠራን ቤት ነው፤ የገባበትን ሰው አይደለም። ቤት የደረሰው ሰው ቅድሚያ ክፍያ ከፍሎ ቀሪውን በባንክ ብድር ከነወለዱ እንዲከፍል ይጠበቅበት ነበር፤ አቅም ያነሰው ቤቱን አከራይቶ እርሱ ሌላ ቦታ ይኖራል። በሰፈሩ ጠላ ጠምቃ ወይም እንጀራ ሸጣ የምትኖር የቀበሌ ቤት ተከራይ ደንበኞቿን ትታ ስትነሣ ምን አገኘች፣ ምን አጣች? ሪፖርቱን ጠቅሶ፣ ሪፖርቱ ያልቆጠረውንም ለይቶ የሚያሳይ መልስ ነው ጠንካራ የሚባለው።

የጊዜም ጉዳይ አለ። በቆየ ሰነድ የተደገፈ ተማሪ በአዲስ አበባ የመጨረሻው እርከን ቀበሌ እንደ ሆነ አድርጎ ይጽፋል፤ ቀበሌው በወረዳ ከተተካ ቆይቷል፤ አሥር የነበሩት ክፍለ ከተሞችም ለሚ ኩራ ሲጨመር አሥራ አንድ ሆነዋል።

ጥፋቱን በተማሪው ላይ ብቻ መጣል አይገባም። «ሰነድ ከጠቀሰ 2 ነጥብ» የሚል የማረሚያ መመሪያ የሚያፈራው ሰነድ ጠቃሽ ነው። ከሪፖርት አንድ ገጽ ያህል በፈተናው ወረቀት ላይ አትሞ «ይህ ምን ያስረዳል? ምን ይደብቃል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል፤ ያን ጊዜ ሸምድዶ የመጣ ሁሉ አዲስ ንባብ ለማንበብ ይገደዳል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና በምርጫ ስለ ሆነ በጽሑፍ መልስ መድከም ለምን አስፈለገ የሚሉ ባልደረቦች አሉ። ፈተናውን ያለፈው ወጣት ግን ነገ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ተቀምጦ የሩብ ዓመት ሪፖርት ጸሐፊ ይሆናል፤ ያኔ ምርጫ የሚያቀርብለት የለም።

እኔም ከዚህ ነቀፌታ ነፃ አይደለሁም። ወደ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ከመዛወሬ በፊት አንዲት ተማሪ ለዚሁ ዓይነት ጥያቄ ያለ አንዳች ቁጥር መልሳ ነበር፤ አክስቷ ከልደታ ስትነሣ ዕቁቡና ዕድሩ እንዴት እንደ ተበተነ፣ የየትኛው መሥሪያ ቤት ኃላፊነት እንደ ነበረና የትኛው ሪፖርት ውስጥ ሊገኝ ይገባው እንደ ነበር በሁለት ገጽ አስረድታለች። መመሪያዬ ለዚያ የሚሆን ቦታ አልነበረውም። ከ10 ነጥብ 4 ሰጥቻት ወደ ሚቀጥለው ወረቀት አለፍሁ።