ስለ ፊኛ ዕጢ የሌዘር ሕክምና ስያሜዎች

የሕክምና ስያሜ የሚመዘነው ከባዕዱ ቃል ጋር ባለው መመሳሰል ብቻ ሳይሆን፣ በሕመምተኛው ዘንድ በሚያሳድረው ግንዛቤ ጭምር ነው፡፡ በኮልፌ ቀራንዮ የሚገኘው፣ በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው አለርት የሚያክመው ደዌ በሕዝብ አፍ «ቁምጥና» ይባል ነበር፡፡ «የሥጋ ደዌ» የሚለው መጠሪያ የተመረጠው፣ የቀድሞው ስም ሕመምተኛውን የሚሰድብ ስለ ነበረ ነው፡፡ እኛም በዚሁ መለኪያ አንድ አዲስ የሕክምና ስያሜ እንመረምራለን፡፡

ሕክምናው እንዲህ ነው፡፡ የሽንት መተላለፊያው በሚያደነዝዝ ቅባት ይደነዝዛል፤ ቀጭን መመልከቻ ወደ ፊኛው ይገባል፤ የሌዘር ብርሃንም በቀጭን ክር አልፎ፣ በተለይ ትንንሽና ተመላልሰው የሚወጡ ዕጢዎችን ያቃጥላል፡፡ ሕመምተኛው ሳይተኛ ታክሞ በዕለቱ ወደ ቤቱ ይሄዳል፡፡ ይህ ቃል በቃል ሲተረጐም «በአካባቢ ማደንዘዣ የሚሰጥ የፊኛ ዕጢ የተመላላሽ ጨረር ሕክምና» ይሆናል፡፡

ከሁሉ የከፋው ስሕተት «ጨረር» የሚለው ነው፡፡ በ1952 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራው የሌዘር ስም ከእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደላት የተውጣጣ ሲሆን፣ የመጨረሻው ፊደል የቆመለት ቃል በእርግጥም «ጨረር» ተብሎ ይተረጐማል፡፡ ይሁን እንጂ በአገራችን «የጨረር ሕክምና» ሲባል የሚታወቀው ለካንሰር የሚሰጠው ነው፡፡ ስለዚህ ሕመምተኛው ያልታዘዘለትን ሕክምና ፈርቶ ሊቀር ይችላል፡፡ «ሌዘር» ብቻውን ቢቀመጥ ደግሞ ጆሮ የለመደው የቆዳ ጃኬቱን ነው፤ «የሌዘር ብርሃን» ቢባል ግን ሁለቱም ችግሮች ይወገዳሉ፡፡

«ዕጢ» በተፈጥሮ ያለውንም በሕመም የመጣውንም ይጠራል፡፡ «ዕጢዬ ዱብ አለ» የሚል ሰው ስለ ሕመም አይናገርም፡፡ «በቀል ዕጢ» እንዳንል ቃሉ ቂምን ያስታውሳል፤ «የበቀለ ዕጢ» ብንል ግን ልዩነቱ ይታያል፡፡

«የአካባቢ ማደንዘዣ» የሚለው ሐረግ ትርፍ ቃል ተሸክሟል፡፡ አካባቢ ሰፈርም ቀበሌም ነው፡፡ አማርኛ ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት አሉት፤ እጅና እግር ይደነዝዛል፣ ሰው ደግሞ በሰመመን ይወሰዳል፡፡ «ማደንዘዣ» ለከፊሉ፣ «ሰመመን» ለሙሉው ቢመደቡ ሌላ ቅጽል አያስፈልግም፡፡

«ተመላላሽ» በሚለው ላይ ግን ነቀፋ የለንም፡፡ በአንድ ቀን ለሚያልቅ ሥራ አይስማማም የሚሉ አሉ፡፡ ነገር ግን የፊኛ ዕጢ ተመልሶ የመብቀል ጠባይ ስላለው፣ ታካሚው በየጊዜው በመመልከቻ መታየት አለበት፡፡ «የአንድ ቀን ሕክምና» ቢባል ይህን ግዴታ ይሸፍነዋል፤ «ተመላላሽ» ግን ይገልጠዋል፡፡

ስለዚህ «በሽንት ፊኛ ውስጥ ለበቀለ ዕጢ በማደንዘዣ የሚሰጥ የሌዘር ብርሃን ተመላላሽ ሕክምና» እንዲባል ሐሳብ እናቀርባለን፡፡ ስያሜው ረዝሟል፤ ሆኖም ሕመምተኛው ፈቃዱን የሚሰጠው በሰማው ቃል ላይ ተመሥርቶ ስለ ሆነ፣ ከማጠሩ ይልቅ አለማሳሳቱ ይበልጣል፡፡