ዕዳ ከሜዳ

«ዕዳ ከሜዳ» ስንል ድንገት ያገኘን ጣጣ ማለታችን ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን አባባሉ ቃል በቃል ይሠራል፤ ዕዳው ከሜዳ ይመጣል፣ ቢሮ አለው፣ ደብዳቤም ይጽፋል።

ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር የቀድሞ ተማሪዬ ከእነዚህ ደብዳቤዎች አንዱን ፎቶ አንስቶ «ጋሼ፣ እስቲ ይመልከቱልኝ» ሲል ላከልኝ። እግሩ ረግጦት በማያውቅ ቴክሳስ፣ በስሙ በወጣ የስልክ መስመር 640 ዶላር አለብህ ይላል። ክሬዲት ሪፖርቱም ላይ ሰፍሯል። ክሬዲት ሪፖርት ማለት ቤት የሚያከራይህ ወይም መኪና በዱቤ የሚሸጥልህ ሰው አስቀድሞ የሚያነበው ታሪክህ ነው። ጸሐፊው ግን አንተ አይደለህም፤ ኢኩፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን የሚባሉ ሦስት ኩባንያዎች ናቸው። እኔ ዕድሜዬን ልቦለድና ግጥም ሳስተምር ኖሬአለሁ፤ ደብዳቤም ድርሰት ነውና በዚያው ዓይን አነበብኩት።

ለመሆኑ ተራኪው ማነው? የስልክ ኩባንያው አይደለም፤ ዕዳ በጅምላ ገዝቶ የሚሰበስብ ሌላ ድርጅት ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ትልልቆቹ ዕዳ ገዢዎች ለአንድ ዶላር ዕዳ የከፈሉት በአማካይ 4 ሳንቲም ነበር፤ ከዕዳው ጋር ሰነዱ አብሮ የሚደርሳቸውም ከስንት አንዴ ነው። ተራኪያችን በቦታው አልነበረም፣ ውሉንም አላየም። ድምፁ ግን የሁሉን አወቅ ተራኪ ነው።

ገጸ ባሕርዩስ? ስም ብቻ። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባታችንን ወይም የአያታችንን ስም በቦታው አስገብተናል። ሞክሼው ብዙ ነው። አንዱ ስም በላቲን ፊደል በሦስት መልክ ይጻፋል። ከስደተኛው ስንቱ የልደት ቀኑ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተሞልቶለታል! የሁለት ሰው መዝገብ አንድ ላይ ቢሰፋ ምን ይገርማል? የሌላውን መታወቂያ ቁጥር ሰርቆ የሚበደርም አለ።

የደብዳቤው ቁም ነገር ያለው ከድምሩ ላይ ሳይሆን አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ነው፦ በ30 ቀን ውስጥ ካልተቃወምክ ዕዳው ትክክል ነው ብለን እንወስዳለን። «ዝም አይነቅዝም» እየተባልን ላደግን ሰዎች ይህች ወጥመድ ናት። እዚያ ዝምታ ይነቅዛል። ተማሪዬም ይሉኝታ ይዞት «ከፍዬ ልገላገል እንዴ?» አለኝ። በፍጹም! ያልበሉትን መክፈል በላሁ ብሎ መፈረም ነው።

በ1977 እ.ኤ.አ. የወጣው የዕዳ አሰባሰብ ሕግ፣ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ለተቃወመ ሰው ሰብሳቢው ማረጋገጫ እስኪልክ ድረስ ማሳደዱን እንዲያቆም ያዛል። በ1970 የወጣው የክሬዲት ሪፖርት ሕግ ደግሞ መዝጋቢዎቹ ቅሬታውን አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመረምሩ፣ ማረጋገጥ ያልተቻለውንም እንዲሰርዙ ያስገድዳል። ስለዚህ ለሰብሳቢውም ሆነ ስህተቱን ለያዘው መዝጋቢ ሁሉ ለየብቻ መጻፍ ነው፤ ጉዳዩ ስርቆት ከሆነም ለንግድ ኮሚሽኑ ማመልከት። የመታወቂያና የአድራሻ ማስረጃ ቅጂ አያይዞ፣ መድረሱ በፊርማ በሚረጋገጥ ፖስታ።

ሕጉ ጥሩ ነው። አፈጻጸሙ ላይ ግን ሂስ አለኝ። ሰውዬው ሌሊት ቁጭ ብሎ ሁለት ገጽ ይጽፋል፤ መዝጋቢው ዘንድ ሲደርስ ያ ሁሉ ታሪክ «የእኔ አይደለም» ወደምትል የኮምፒውተር ኮድ ይጨመቃል። ኮዷ ተመልሳ ወደዚያው ወደ ሰብሳቢው ትላካለች። እሱም መዝገቡን ገልጦ «ትክክል ነው» ካለ፣ ብዙ ጊዜ ምርመራው እዚያው ያበቃል። ከሳሹን ጠርቶ «ክስህ እውነት ነው?» ብሎ መጠየቅ ምርመራ ከሆነ፣ ፍርድ ቤት ለምን አስፈለገ? ያልበደለው ሰው ግን ከሥራው ቀርቶ ያላደረገውን አለማድረጉን ሲያስረዳ ይውላል፤ ሊከራይ ያሰበው ቤት እስከዚያ ለሌላ ይሰጣል።

እንደ ሥነ ጽሑፍ መምህር ብጠየቅ፣ ለዚያ ደብዳቤ ማለፊያ ነጥብ አልሰጠውም፤ ምንጭ የለው፣ ምስክር የለው። ችግሩ፣ ደካማ ድርሰት ተቺ ካጣ መታተሙ አይቀርም። ይኼኛው ደግሞ አንዴ ከታተመ እስከ 7 ዓመት ከገበያ አይወጣም።