ሁለቱ ዲናር፦ ነገረ ድኅነት በአንድምታ ትርጓሜ

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 አንድ ሕግ ዐዋቂ ጌታን ሊፈትን ተነሥቶ የዘለዓለም ሕይወትን ለመውረስ ምን ማድረግ እንደሚገባው ይጠይቃል። ጥያቄው የድኅነት ጥያቄ ነው፤ ምላሹ ግን ወደ መጽሐፍ ይመልሰዋል። በሕግ ምን እንደ ተጻፈና እርሱም እንዴት እንደሚያነበው ይጠየቃል። የተጻፈውን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ አነባበቡ ሌላ ነው። ሕግ ዐዋቂው የመጀመሪያውን በቃሉ አንበልብሎ መለሰ፤ ባልንጀራው ማን እንደ ሆነ በጠየቀ ጊዜ ግን ጉድለቱ አነባበቡ ላይ መሆኑ ታወቀ። የደጉ ሳምራዊ ምሳሌ የተነገረው ይህን ጉድለት ለመሙላት ነው።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ለሁለተኛው ጥያቄ፣ ማለትም ለአነባበቡ፣ ራሱን የቻለ ትምህርት አቁመዋል። ይህም አንድምታ ነው። መምህሩ የግእዙን ንባብ አሰምቶ ነጠላ ትርጉሙን በአማርኛ ይሰጣል፤ ከዚያ «አንድም» እያለ ሌላ ፍቺ ያክላል። «ስለ ምን ቢሉ» ብሎ ራሱ ጠይቆ ራሱ ይመልሳል፤ ታሪክ፣ ምሳሌና ከሌላ መጽሐፍ የመጣ ምስክር ያስከትላል። ደቀ መዝሙሩ ይህን ሁሉ በቃሉ ይይዛል። ከንባብ ቤት ተነሥቶ፣ ዜማና ቅኔ ቤት ቆይቶ መጻሕፍት ቤት ሲገባ አራት ጉባኤያት ይጠብቁታል፦ ብሉያት፣ ሐዲሳት፣ ሊቃውንትና መጻሕፍተ መነኮሳት። አራቱንም የፈጸመ መምህር «አራት ዓይና» ይባላል። በጎንደር የትርጓሜው ትምህርት ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ ተለይቷል፤ የታች ቤቱ ትርጓሜ ከመምህር ኤስድሮስ ስም ጋር ተያይዞ ይነሣል። እንግሊዛዊው ሊቅ ሮጀር ካውሊ እ.ኤ.አ. በ1988 በታተመው ሥራው እንዳሳየው፣ ትርጓሜው በሶርያና በዐረብኛ መጻሕፍት በኩል ከአንጾኪያ የትርጓሜ ፈለግ ጋር ይገናኛል። ስለዚህ አንድምታን የአንድ አገር ልማድ ብቻ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው።

ሥርዓቱ ስለ ድኅነት ምን እንደሚያስተምር በዚሁ የሳምራዊው ምሳሌ ላይ በግልጽ ይታያል። በነጠላ ትርጉሙ አንድ ሰው ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ይወርዳል። «ይወርዳል» የሚለው ቃል ልክ ነው፤ ኢየሩሳሌም ከባሕር ወለል በላይ 750 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ኢያሪኮ ከባሕር ወለል በታች 250 ሜትር ገደማ ዝቅ ብላለች። ወንበዴዎች ደብድበው፣ ልብሱን ገፈው በሞትና በሕይወት መካከል ይጥሉታል። ካህኑም ሌዋዊውም አይተው ገለል ብለው ያልፋሉ። ሳምራዊው ግን ቁስሉን ያስራል፣ በአህያው ያስቀምጠዋል፣ ወደ እንግዶች ማደሪያ ያደርሰዋል፣ ሁለት ዲናርም ለጠባቂው ይሰጣል።

አንድም፣ ሰውዬው አዳም ነው። ኢየሩሳሌም ገነት፣ ኢያሪኮ ይህ ዓለም፣ ወንበዴዎቹ አጋንንት፣ የተገፈፈው ልብስ ጸጋ ነው። ካህኑና ሌዋዊው ያለፉት ኦሪትና ነቢያት ቁስሉን ከማሳየት አልፈው ሊፈውሱት ስላልቻሉ ነው። ሳምራዊው ክርስቶስ፣ ማደሪያው ቤተ ክርስቲያን፣ ጠባቂው መምህር ነው። ሁለቱ ዲናር ብሉይና ሐዲስ ናቸው። የፍቺው መሠረት ከጥንት አባቶች የወረደ ነው፤ ኦሪጀንም አዳምንና ክርስቶስን በዚሁ ምሳሌ ያያል፣ ዲናሮቹን ግን በሌላ መንገድ ይፈታል። ብሉይና ሐዲስ የሚለው ፍቺ ክብደት ያለው ነው፤ መጻሕፍት ለቁስለኛው ማስታመሚያ የተከፈሉ ገንዘብ ይሆናሉና። በዚህ አነባበብ መጽሐፍን ማጥናት የድኅነት አካል እንጂ ከድኅነት በፊት ወይም በኋላ የሚመጣ ሌላ ሥራ አይደለም።

ቋንቋውም ይህን ይደግፋል። በአማርኛ ሕመምተኛ «ዳነ» ይባላል፤ ነፍስም «ዳነች» ትባላለች። በግእዝ «መድኃኒት» ድኅነትን ሲያመለክት በአማርኛ የሕመም ማከሚያው ስም ሆኗል፤ መድኃኔ ዓለም የሚለው ስምም ከዚያው ሥር የበቀለ ነው። በግሪኩ አዲስ ኪዳንም አንድ ግሥ ለፈውስም ለድኅነትም ይውላል። የዘመን አቆጣጠሩ እንኳ ይህን ትምህርት ይሸከማል። በባሕረ ሐሳብ ስሌት 5500 በዓመተ ምሕረቱ ላይ ይደመራል። 5500ው አዳም ተስፋውን የጠበቀበት ዘመን ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ዓመተ ምሕረት ይባላል።

ስለ እምነትና ስለ ምግባር በኦርቶዶክሳውያንና በወንጌላውያን መካከል የሚደረገው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ ሮሜ ምዕራፍ 3ን ከያዕቆብ ምዕራፍ 2 ጋር ያፋጥጣል። እ.ኤ.አ. በ1840 ሙሉው ታትሞ የወጣው የአቡ ሩሚ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ አንባቢው ጥቅሶቹን ያለ መምህር እንዲያይ በር ከፍቷል፤ ይህ ትልቅ በጎ ነገር ነው። ነገር ግን ጥቅስ በጥቅስ ሲመታ አንዱ ጥቅስ ሊሸነፍ ግድ ይሆናል። የሳምራዊው ምሳሌ ሁለቱንም ያስተናግዳል። በመንገድ ዳር የወደቀው ሰው ለመነሣቱ ያዋጣው ምንም ነገር የለም፤ ይህ ጸጋ ነው፣ ወንጌላውያንም አጥብቀው የሚይዙት እውነት ነው። በማደሪያው ግን ይታከማል፣ ይቆያል፣ ይድናል፤ ይህ ኦርቶዶክሳውያን በምሥጢራትና በምግባር የሚገልጹት ጎዳና ነው። ሕግ ዐዋቂውም በመጨረሻ ሄዶ እንዲሁ እንዲያደርግ ታዝዟል።

አንድምታም ከአደጋ ነጻ አይደለም። ሥርዓቱ ነጠላ ትርጉሙን ያስቀድማል፤ ብዙ ስብከት ግን እርሱን ዘልሎ በቀጥታ ወደ ምሥጢሩ ይገባል። ሳምራዊው ክርስቶስ ብቻ ሆኖ ሲቀር፣ አይሁድ የሚጠሉት የሌላ ወገን ሰው መሆኑ ይረሳል። የምሳሌው ስለት ያለው ግን እዚያ ነው፤ ባልንጀራው ማን እንደሆነ የጠየቀው ሰው፣ ስሙን ሊጠራ እንኳ ያልፈለገውን ሰው በምሕረቱ እንዲያውቀው ተገድዷል። በወገን በተከፋፈለ ሕዝብ መካከል የሚሰብክ ሰው ይህን ነጠላ ትርጉም ከተወ፣ ሁለተኛው ፍቺ ቁስለኛውን አያነሣውም።

ስለዚህ ይህን ክፍል በዐውደ ምሕረትም ሆነ በጽሑፍ የሚያስተምሩ ሁሉ ከቁጥር 30 ሳይሆን ጥያቄው ከተነሣበት ከቁጥር 25 ሊጀምሩ፣ ትእዛዙ ከተሰጠበት ከቁጥር 37 በፊትም ሊያቆሙ አይገባም።