አልጋ አለ?

ከማዶ ያለው ሰው ሰላምታውን ሳይጨርስ «አልጋ አለ?» ይላል። በስልክም፣ በቴሌግራምም፣ በፌስቡክም የሚመጣው ጥያቄ ይኸው ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ባለ አንድ ሆቴል የእንግዶችን መልእክት መመለስና አልጋ መያዝ እንጀራዬ ከሆነ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ኋላም ቡሬ ላለ ሌላ ሆቴል ይህንኑ ሥራ ደርቤ ያዝኩ። እነዚህ ሁለት ቃላት ዛሬም ያስጨንቁኛል። «አለ» ማለት አፍ አያደክምም። «አለ» ካልኩት በኋላ ግን ሰውየው ደብረ ማርቆስ ማደሩን ትቶ፣ ልጆቹን ከኋላ ወንበር አስተኝቶ፣ ቃሌን ይዞ በጨለማ ይነዳል።

ያደግሁት ጃቢ ጠህናን ገጠር ነው። የመሸበት መንገደኛ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «ቤቶች! የመሸበት እንግዳ ነኝ» ሲል፣ ከውስጥ «ቤት የእግዜር ነው» ተብሎ ሲመለስለት እየሰማሁ ነው ያደግሁት። እዚያ መልሱን የሰጠው ሰው ወዲያው ተነስቶ በሩን ይከፍታል። እኔ ዘንድ ግን መልሱ ዛሬ ይሰጥና በሩ የሚከፈተው ከሦስት ቀን በኋላ ነው፤ አንዳንዴም ከሦስት ወር። በመካከል ያለውን ጊዜ መጠበቅ ነው ሥራዬ።

ከተማችን ከአዲስ አበባ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከባሕር ዳር ደግሞ 175 ያህል ትርቃለች። ማለዳ የተነሳ፣ መንገዱም የቀናው ሰው ምሳ በልቶ ያልፋታል። እኛ ዘንድ የሚያድረው የመሸበት ወይም ጉዳይ ያለው ነው፦ ብር ሸለቆ ወታደራዊ ማሠልጠኛ ልጁን ሊያስመርቅ የመጣ ቤተሰብ፣ በቆሎና በርበሬ የሚጭን ነጋዴ፣ ሠርግ የተጠራ ዘመድ፣ ለሥልጠና የመጣ ባለሙያ። ቡሬ ላይ የእንግዳው ዓይነት ይለያል። ወደ ነቀምት የሚገነጠለው መንገድ እዚያ ነው፤ የተቀናጀው አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክና በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የፊቤላ ዘይት ፋብሪካም እዚያው ናቸው። ስለዚህ ለሳምንታት የሚቆይ ቴክኒሻን አይጠፋም።

ሁሉም በየራሱ በር ይመጣል። የመሥሪያ ቤት ሥልጠና የሚጀምረው ፕሮፎርማ በመጠየቅ ነው፤ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ፎቶ ተነስቶ በቴሌግራም ይላካል፣ ከዚያ የአዳራሽ፣ የሻይ ቡናና የአልጋ ዋጋ ተጽፎ ይመለሳል። ነጋዴው ይደውላል። ውጭ አገር ያለው ወገን በኢሞ ወይም በዋትስአፕ የድምፅ መልእክት ይልካል። የውጭ ዜጋው በቡኪንግ ዶት ኮም ይዞ ይመጣል። አምስት በር ያለው ቤት ግን ያለው አልጋ ያው ነው። የሠለጠኑት ትልልቅ ሆቴሎች ሁሉንም መስመር አንድ ላይ የሚያስተካክል ፕሮግራም ይገዛሉ። እኛ ያለን ሰፊ መስመር ያለው ደብተርና እርሳስ ነው፤ በእያንዳንዱ ገጽ አንድ ሌሊት። በየትኛውም በር የመጣ እንግዳ ደብተሩ ላይ ካልተጻፈ አልተያዘለትም፤ ዘበኛውም ቢሆን ሌሊት የሰጠውን አልጋ ሳይጽፍ አይተኛም። ለድረ ገጾቹ ከ22 ክፍሎቻችን 4ቱን ብቻ ነው የምንሰጠው። ድረ ገጹ እኛ ተኝተን ሳለ ይሸጣል፤ ሁለት ጊዜ የተሸጠ አልጋ ቢኖር ለእንግዳው ሌላ ማደሪያ ፈልጎ ልዩነቱን መክፈል በእኛ ላይ ይወድቃል።

እኛ እትዬ የምንላቸው የሆቴሉ ባለቤት መጀመሪያ ኮሚሽኑን ሲሰሙ ደንግጠው ነበር። ከመቶ 15 አካባቢ ነው። «ለደላላ ይህን ያህል?» አሉኝ። እኔም ያልኳቸው፣ ድረ ገጹ ባያመጣው ኖሮ ያ እንግዳ መኖራችንን እንደማያውቅ ነው፤ አንድ ጊዜ ከመጣ ግን ስልኩንና ስሙን ጽፈን እንይዛለን፣ ሁለተኛ በራሱ ይደውላል። ይህ ምክር የዳበረው በሌሎች ላይ ከደረሰው ነው። ጆቫጎ የተባለው፣ ኋላ ስሙን ወደ ጁሚያ ትራቭል የለወጠው ድርጅት በእኛም አገር ሆቴሎችን ይዞ ነበር፤ በፈረንጆች 2019 መጨረሻ ሥራውን ለሌላ ድርጅት አስተላልፎ ወጣ። እንግዳቸውን በእሱ በኩል ብቻ የሚያውቁ ሆቴሎች እንግዳቸውም አብሮ ሄደባቸው።

የቡሬውን ሆቴል ካርታ ላይ ማስቀመጥ እኔ ከጠበቅሁት በላይ አድካሚ ነበር። ቡሬ አንድ አይደለችም። ኢሉባቦር ቡሬ አለ፤ በአፋር በኩል ወደ አሰብ በሚወስደው መንገድ ኤርትራ ድንበር ላይ፣ በጦርነቱ ዘመን «ቡሬ ግንባር» እየተባለ የሰማነውም አለ። ላቲኑ ደግሞ ፊደላችንን አይችልም፤ ቡሬን አንዱ በአራት ፊደል ይጽፋታል፣ ሌላው በአምስት። ፍኖተ ሰላምን አንዱ አንድ ቃል ያደርጋታል፣ ሌላው ሁለት። ስለዚህ በጎግል ካርታ ላይ ስማችንን ሳሰፍር «ቡሬ፣ ምዕራብ ጎጃም» ብዬ እጽፋለሁ፤ ነጥቧንም ራሴ በር ላይ ቆሜ ነው ያሳረፍኳት። ፎቶውንም አላሳምረውም። ሻወሩ የጋራ ከሆነ የጋራ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ሙቅ ውሃ ከሌለ የለም ብዬ እጽፋለሁ። ደክሞት የገባ ሰው የሚያዝነው በቀዝቃዛው ውሃ ሳይሆን ሙቅ ነው በተባለው ነው።

ከሁሉ የሚያታልለኝ ቀንና ሰዓት ነው። ድረ ገጹ ቀኑን እኩለ ሌሊት ላይ ይለውጣል፤ የእኛ ሰው ደግሞ ሌሊት 7 ሰዓት የሚደርስበትን ሌሊት ከማታው ጋር ይቆጥረዋል። የአንድ ቀን ስሕተት የአንድ አልጋ ስሕተት ነው። ለዚህ ነው «ዓርብ ማታ፣ ለቅዳሜ አጥቢያ» ብዬ በዕለቱ ስም ሳላረጋግጥ የማልጽፈው።

ትልቁ ስሕተቴ ግን በጥር ወር ነው የተፈጠረው። ጥር 23 እንጅባራ ላይ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ያከብራል፤ እዚያ አልጋ ሲሞላ ሰው ወደ ቡሬና ወደ እኛ ይወርዳል። ጥር 23 አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 31 ላይ ይውላል። ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ግን ቀኑ በአንድ ይገፋል። ጳጉሜን 2011 ስድስት ነበረች፤ ስለዚህ ጥር 23 ቀን 2012 የዋለው ፌብሩዋሪ 1 ነው። ባልና ሚስት የሆኑ የውጭ ዜጎች በድረ ገጽ ጃንዋሪ 30ን አንድ ሌሊት ያዙ፤ ከሥሩ «ፈረሶቹን ለማየት» ብለው ጽፈዋል። እኔ ቀኑን ወደ ደብተሩ ገለበጥኩ፤ ምክንያታቸውን አላነበብኩትም። በማግስቱ ማለዳ ካሜራ አንግበው ሲወርዱ በዓሉ ነገ መሆኑን የነገርኳቸው እኔው ነኝ። የዚያን ዕለት አልጋ ሁሉ ለሠልጣኞች ተይዟል። ሴትዮዋ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ዓመት ሙሉ ያሰቡት ነገር ነበር።

እትዬ ሰምተው ወጡ። ልጃቸውን ወደ እህቷ ልከው የእሷን አልጋ አነጠፉላቸው፤ ማታም ከእሳቸው ጋር በሉ። እንግዶቹ በዓሉን አይተው ሄዱ። እትዬ አንድም ቃል አልተናገሩኝም፤ ደብተሩን ብቻ አስመጥተው ገጹን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ወዲህ «ለምን ጉዳይ ነው የሚመጡት?» ብዬ ሳልጠይቅ አልይዝም። ሠርግ ከሆነ ሠርጉ መቼ እንደሆነ፣ ተዝካር ከሆነ የትኛው ደብር እንደሆነ እጠይቃለሁ።

በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሲታወጅ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለወራትም ሳይመለስ ቆየ። ስልክ በሠራበት ቀን ይሠራል፣ ዳታ ግን የለም። ያኔ የገባኝ ነገር አለ፦ የእኛ መስኮት ተዘጋ እንጂ ድረ ገጹ ላይ በራችን ክፍት ነው። ከሌላ አገር ሆኖ የሚያይ ሰው አራቱን ክፍሎቻችንን ባዶ ሆነው ያያቸዋል፤ ሊይዛቸውም ይችላል። አዲስ አበባ ላለችው እህቴ ደወልኩ። የይለፍ ቃሉን ፊደል በፊደል ነገርኳት። ስትገባ የማረጋገጫ ቁጥር በአጭር መልእክት ወደ እኔ ስልክ መጣ፤ እያነበብኩላት ጻፈች፤ ጊዜው አለፈበትና ሌላ ጠየቀች፤ መስመሩ ተቆረጠ፤ እንደገና ደወልኩ። ቀኖቹን ዘግታ እስክትጨርስ ግማሽ ቀን ሄደ። አሁን የእሷ ስልክ እንደ ሁለተኛ ማረጋገጫ ተመዝግቧል፤ ክፍት የምናደርገውም የሚቀጥሉትን 30 ቀናት ብቻ ነው። ቀብድ በቴሌብር ስቀበልም ገንዘቡ በሆቴሉ ሂሳብ መግባቱን ሳላይ፣ በደረሰኝ ፎቶ ብቻ አልጋ አልይዝም፤ ኔትወርክ ከሌለ ደግሞ ያለ ቀብድ ይዤ ሰውየውን አምናለሁ።

በእነዚህ ዓመታት «አልጋ አለ?» ከሚለው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ስለ ዋጋ አይደለም። «መንገዱ ሰላም ነው?» ይላሉ። ይህን የሚጠይቀኝ ሰው እናቱን ሊያይ የሚመጣ ይሆናል፤ ለቅሶም ሊሆን ይችላል። ባዶ አልጋ እያለኝ፣ እትዬም ደመወዝ ለመክፈል እየተቸገሩ ሳለ፣ «ሰላም ነው፣ ይምጡ» ማለት ይቀለኝ ነበር። ግን መንገዱ የእኔ አይደለም። ስለዚህ ያየሁትን ብቻ እላለሁ፦ ዛሬ ከደብረ ማርቆስ በኩል መኪና ገብቷል ወይስ አልገባም፣ በስንት ሰዓት ገባ፣ ሾፌሩ ምን አለ። ነገ ጠዋት ሳይነሱ እንደገና እንዲደውሉ እነግራቸዋለሁ፤ ቢቀሩም ቀብዱን እመልሳለሁ።

ትናንት ማታ አንድ አባት ከአዲስ አበባ ደወሉ። «ልጄ፣ አልጋ አለ?» አሉ። እንዳለ ነገርኳቸው። ለምን እንደሚመጡ ጠየቅኳቸው፤ የወንድማቸው አርባ ነው። መንገዱን ጠየቁኝ፤ ከቀትር በኋላ ሁለት አውቶቡስ መግባቱን ነገርኳቸው። ሐሙስ ማታ፣ ለዓርብ አጥቢያ፣ ምድር ቤት ካለው ክፍል፤ ጉልበታቸው ደረጃ አይወጣም። ጻፍኩት።