የስማጎሪንስኪ ቀመርና የአርሲ ደጋ ነፋስ

ከአሰላ ወደ አዳማ የሚወርድ መንገደኛ ጭላሎን በስተኋላው ትቶ ኢተያን ሲያልፍ፥ ደጋው ወደ ስምጥ ሸለቆው እንደሚቈለቈል ያያል። በዚሁ አካባቢ ለታሰበው የአሰላ የነፋስ ኃይል ማመንጫ በ2021 ውል ሲታሰር (ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) የታቀደው 29 ተርባይኖች በጠቅላላው 100 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ ነበር፤ የያንዳንዱም መዘውር ከጫፍ እስከ ጫፍ 132 ሜትር ነው። የነፋስ ጕልበት በፍጥነቱ ሦስት ጊዜ ተባዝቶ የሚገኝ ስለ ኾነ፥ ፍጥነቱን በአንድ ዐሥረኛ አብዝቶ የገመተ ሰው ኃይሉን በሲሶ ያበዛዋል። ስለዚህ ስሌቱ የዋዛ ነገር አይደለም።

ከጓደኞቻችን አንዱ ስለዚሁ ደጋ ነፋስ ያዘጋጀውን ጽሑፍ በቅርቡ አንብበናል። ሥዕሎቹ ያማሩ ናቸው፤ ቀይና ሰማያዊ ቀለማቸው ዓይን ይስባል። ዳሩ ግን ለታናናሾቹ አዙሪቶች ምን ዓይነት ቀመር፥ በምን ቍጥር እንደ ተሠራበት አንድ ቃል እንኳ አልተጻፈም። ክርክራችንም ከዚህ ይነሣል።

የአየርን እንቅስቃሴ የሚገዙት እኩልታዎች ከታወቁ ቈይተዋል፤ ችግሩ የብዛት ነው። ትልቁ አዙሪት ኪሎ ሜትር ያኽላል፤ በአየሩ ዝልግልግነት ተውጦ ወደ ሙቀት የሚለወጠው ታናሹ ግን ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር አየር በሚሊ ሜትር ቢከፋፈል ከ1 በኋላ 18 ዜሮ የተጻፈበት ቍጥር ይወጣል። ይህን ያኽል የሚሸከም ኮምፒዩተር ስለሌለ የስሌቱን መረብ በ10 ወይም በ20 ሜትር እንዘረጋለን፤ ከመረቡ ቀዳዳ የሚያመልጡትንም በቀመር እንተካቸዋለን።

ጆሴፍ ስማጎሪንስኪ በ1963 ያወጣው ቀመር የታናናሾቹን ሥራ እንደ ተጨማሪ ዝልግልግነት ይቈጥረዋል። የመረቡን ስፋት በአንድ ቋሚ ቍጥር ያበዛል፤ ውጤቱን እንደ ገና በራሱ ያበዛል፤ ይኸንንም ፍጥነቱ ከቦታ ቦታ በሚለያይበት መጠን ያባዛዋል። አጭር ነው፤ ስሌቱንም አያናጋም፤ ስለዚህም ይመሰገናል። ነገር ግን ደራሲው ያሰበው ስለ ምድር ሁሉ አየር፥ መቶ ኪሎ ሜትሮች ስለሚሰፋ መረብ እንጂ ስለ አንድ ገደል አፋፍ አልነበረም። ዳግላስ ሊሊ በ1967 ከኮልሞጎሮቭ የ1941 ሐሳብ ተነሥቶ ቋሚው ቍጥር 0.17 ገደማ መኾን እንዳለበት አሳየ፤ ዲርዶርፍ ግን በ1970 በሁለት ግድግዳ መካከል የሚያልፍ ፍሰት በ6,720 ነጥቦች ሲያሰላ ወደ 0.10 ዝቅ ማድረግ ግድ ኾነበት። ልዩነቱ ጥቂት ይመስላል። ቍጥሩ በራሱ የሚባዛ ስለ ኾነ ግን ፊተኛው ከኋለኛው ሦስት እጥፍ ገደማ ዝልግልግነት ይሰጣል።

አሁን ወደ አርሲ እንመለስ። በበጋ ሌሊት ሰማዩ ጠርቶ ውርጭ በሚጥልበት ደጋ፥ መሬቱ አየሩን ከሥር ያቀዘቅዘዋል። ከባዱ አየር ከታች ይተኛል፤ አዙሪቶቹ ይኰማተራሉ፤ ብዙዎቹም ከ20 ሜትር መረብ ያመልጣሉ። ቀመሩ ግን በመጀመሪያ መልኩ ሙቀትን አያውቅም፤ ከላይ የሚሮጠውን ነፋስ ከታች ከሚያዘግመው ጋራ ያለ ልክ ይደባልቀዋል። ሊሊ በ1962 ሙቀትን የሚያስገባ ማረሚያ አቅርቦ ነበር፤ እሱም ቢኾን አየሩ እጅግ ሲረጋ መደባለቁን ጨርሶ ያጠፋዋል። የተርባይኑ ክንፍ በያንዳንዱ ዙር ከላይ ፈጣን፥ ከታች ቀርፋፋ ነፋስ ይመታዋል፤ ስሌቱ ይኸንን ልዩነት ካጠፋው ክንፉ የሚሸከመውን መጕበጥ አሳንሶ ይነግረናል። (በአውድማ ገብስ የሚያዘራ ገበሬ የጧቱ ነፋስ የከሰዓቱ አለመኾኑን ያውቃል፤ መንሹን ይዞ የሚጠብቀውም ስለዚሁ ነው። እኛ ግን ለቀኑም ለሌሊቱም አንድ ቍጥር እንሰጣለን።)

ጀርማኖና ባልደረቦቹ በ1991 ቍጥሩን ከስሌቱ ከራሱ ማውጣት እንደሚቻል አሳይተዋል። ይህ መልካም ነው፤ ኾኖም ቍጥሩ እንዳይዋዥቅ ፍሰቱ በማይለወጥበት አቅጣጫ አማካይ መውሰድ ይለመዳል፤ ተራራ ላይ ደግሞ እንዲህ ያለ አቅጣጫ የለም። ሜኔቮ፥ ለንድና ካቦት በ1996 አየሩ የሚሄድበትን መንገድ ተከትለው አማካዩን መውሰዳቸው ለእንዲህ ያለው አገር ይሻላል ባዮች ነን።

ለፍርድ እንዳናዳላ አንድ ነገር እንጨምር። በዴንማርክ ቦሉንድ የምትባል 12 ሜትር ከፍታ ያላት ጉብታ አለች። ብዙ አስሊዎች ልኬቱን ሳያዩ ነፋሷን እንዲተነብዩ ተደርጎ ውጤቱ በ2011 ታተመ፤ ትላልቆቹን አዙሪቶች የሚያሰሉት ከፊተኞቹ ተርታ አልተገኙም። ያስቸገራቸው የታናናሾቹ ቀመር ሳይኾን፥ ይልቁንም ወደ ጉብታዋ የሚገባውን ነፋስ በትክክል መግለጽ ነበር። ስለዚህ ወቀሳውን ሁሉ በስማጎሪንስኪ ላይ አንጭንም።

ጓደኛችን ጽሑፉን ዳግመኛ ሲያቀርብ የመረቡን ስፋትና የቋሚውን ቍጥር እንዲጽፍልን፥ ያንኑ ሌሊት በ0.10ም በ0.17ም አስልቶ የሁለቱን ልዩነት ከአንድ የልኬት ምሰሶ ንባብ ጋራ በአንድ ሰንጠረዥ እንዲያሳየን እንለምነዋለን።