በትንሽ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ላይ የስቴሪዮ ሥራን መመዘን

በሰሜን አሜሪካ ሐይቆችና የባሕር ዳርቻዎች በብዛት የሚታየው ትንሽ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ 5 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ ጣሪያ የሌለውና ከኋላው በታሰረ የቤንዚን ሞተር የሚነዳ ሲሆን፣ ሞተሩም ሆነ ሌሎቹ መሣሪያዎቹ ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሙት ከአንድ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ነው። እንዲህ ባለው ጀልባ ላይ የተገጠመን ስቴሪዮ የሚመረምር ሰው ድምፁን ከፍቶ በማዳመጥ መጀመር ይቀናዋል፤ ነገር ግን ጀልባው የተሠራው ተሳፋሪውን ለዓሣ አውጥቶ በሰላም ወደ ዳር ለመመለስ በመሆኑ፣ የሥራው ጥራት አስቀድሞ መለካት ያለበት ስቴሪዮው ሞተር የሚያስነሣውን ባትሪ፣ አቅጣጫ የሚያመለክተውን ኮምፓስና የድረሱልኝ ጥሪ የሚተላለፍበትን ሬዲዮ ሳይነካ መሥራት በመቻሉ ነው። የድምፁ ውበት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

በግዢ ጊዜ ብዙ ሰው የሚያሳስተው በካርቶኑ ላይ በጉልህ የሚታተመው የኃይል ቁጥር ነው። «4 በ50 ዋት» የሚለው ጽሑፍ መሣሪያው ለቅጽበት ብቻ የሚደርስበትን ጣሪያ እንጂ ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ኃይል አይገልጽም፤ እውነቱን ለማወቅ ከመሣሪያው ጀርባ ያለውን ፊውዝ፣ ማለትም ከተወሰነለት መጠን የበለጠ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ቀልጦ መስመሩን የሚቆርጠውን መከላከያ፣ መመልከት ይጠቅማል። ባለ 10 አምፔር ፊውዝ መሣሪያ፣ ሞተሩ እየሠራ የመስመሩ ግፊት 14.4 ቮልት ሲሆን፣ ያለማቋረጥ ሊስብ የሚችለው 144 ዋት ገደማ ነው፤ በተለመደው ዓይነት አምፕሊፋየር፣ ማለትም ደካማውን የድምፅ ምልክት ስፒከር እስኪያንቀሳቅስ ድረስ በሚያጎላው ክፍል ውስጥ፣ ከዚህ ግማሽ ያህሉ ሙቀት ሆኖ ስለሚጠፋ፣ ለአራቱ ስፒከሮች ለእያንዳንዳቸው የሚደርሰው ወደ 18 ዋት ይሆናል። ይህ ቁጥር ትንሽ ቢመስልም ስፒከሩ በጥንቃቄ ከተመረጠ ለትንሽ ጀልባ ይበቃል።

በክፍት ጀልባ ላይ ድምፁን መልሶ የሚያስተጋባ ግድግዳም ሆነ ጣሪያ የለም፤ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥርም የድምፁ መጠን 6 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል። ስለዚህ የስፒከሩ ስሜታዊነት፣ ማለትም በ1 ዋት ኃይል በ1 ሜትር ርቀት ላይ የሚያወጣው የድምፅ መጠን፣ ከማንኛውም ሌላ ቁጥር በላይ ሊታይ ይገባዋል፤ 91 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር በ20 ዋት የሚያወጣውን ድምፅ 88 ዴሲቤል የሚሰጠው ለማውጣት 40 ዋት ይፈልጋልና። የስፒከሩ ሾጣጣ ሽፋን ከወረቀት ሳይሆን ከፕላስቲክ፣ ዙሪያውን የሚይዘውም ከስፖንጅ ሳይሆን ከጎማ የተሠራ መሆን አለበት። በጨው ውኃ ላይ የሚውል ጀልባ ብሎኖቹ 316 የሚባለውን የማይዝግ ብረት ደረጃ ይጠይቃሉ። እንደ ጣናና ሐዋሳ ባሉ ጨው አልባ ሐይቆች ላይ ዝገቱ ይቀንሳል፤ ሆኖም ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኑ ፕላስቲክን የሚያደርቀውና የሚሰነጥቀው የፀሐይ ጨረር ስለሚበረታ፣ ጨረር መቋቋሙ በአምራቹ ያልተረጋገጠ ዕቃ እዚያም አይመከርም።

አዋቂ ዓይን ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆየው ግን በሽቦው ሥራ ላይ ነው፤ በጀልባ ላይ የሚደርስ ብልሽት በአብዛኛው የሚነሣው ከሽቦና ከመጋጠሚያ ነውና። ሽቦው ብዙ ቀጫጭን ክሮች ያሉትና እያንዳንዱ ክር በቆርቆሮ ማዕድን የተለበጠ መዳብ መሆን ይገባዋል፤ ያልተለበጠ መዳብ እርጥበት በሽፋኑ ሥር ሲገባበት እየጠቆረ መስመሩን ያዳክማል። ከባትሪ እስከ መሣሪያው 5 ሜትር በሚርቅ ጀልባ ላይ፣ መሄጃና መመለሻው 10 ሜትር ስለሚሆን፣ 10 አምፔር በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ሲያልፍ 0.7 ቮልት ያህል በመንገድ ይቀራል፤ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ግን ብክነቱን ከ0.3 ቮልት በታች ያደርገዋል። የአሜሪካ የጀልባና ያት ምክር ቤት መለኪያ ዋናው ፊውዝ ከባትሪው በ18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውስጥ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ምክንያቱም ፊውዙ የሚጠብቀው ከእርሱ ወዲያ ያለውን ሽቦ ብቻ ስለሆነ ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ክፍል ቢላጥና ቢነካካ እሳትን የሚከለክል ነገር የለም። ጫፎቹ ካፒኮርዳ በሚባለው መያዣ ውስጥ ተጨምቀው ሙጫ ባለው፣ በሙቀት በሚሸበሸብ ሽፋን መታሸግ አለባቸው፤ በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ መጋጠሚያ በዚህ ሥራ ውስጥ ይቅርታ የማይደረግለት ጉድለት ነው። ከዚህ የሚብሰው የአሉሚኒየም ቀፎን እንደ ኔጌቲቭ መመለሻ መጠቀም ነው፤ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ብረቱን ቀስ በቀስ ስለሚበላው ጉዳቱ የሚታየው ቀፎው ማፍሰስ ሲጀምር ሊሆን ይችላል።

ስፒከር ማግኔት ስላለው መግጠሚያ ቀዳዳው ከመቦርቦሩ በፊት ወደታሰበለት ቦታ ቀርቦ የኮምፓሱ መርፌ መንቀሳቀስ አለመንቀሳቀሱ መታየት አለበት። በሽቦ የሚያልፍ ኤሌክትሪክም የራሱን የማግኔት መስክ ስለሚፈጥር፣ በኮምፓሱ አጠገብ የሚያልፉት ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ሽቦዎች እርስ በርስ ተገምደው ሲገኙ ሠራተኛው ሥራውን በደንብ እንደሚያውቅ ያመለክታል። የድረሱልኝ ጥሪ የሚተላለፍበት የቪኤችኤፍ ሬዲዮ ፍተሻም ቀላል ነው። ሬዲዮው ጸጥ ባለ ቻናል ላይ ሆኖ ባዶ ጫጫታን የሚያፍነው መቆጣጠሪያ ጫጫታው እስኪቆም ድረስ ብቻ ዞሮ ይተዋል፤ ከዚያ ስቴሪዮው ሲከፈት ጫጫታው ከተመለሰ አምፕሊፋየሩ የሬዲዮውን መቀበያ እያወከ ነው። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ በ2018 የኤልኢዲ መብራቶች ሬዲዮን እንደሚያውኩ ባስጠነቀቀ ጊዜ ይህንኑ መንገድ መክሯል። የድረሱልኝ ጥሪ የሚሰማበትን ቻናል 16 የሚሸፍን ስቴሪዮ፣ ዜማው የቱንም ያህል ቢጠራ፣ ሊነቀል ይገባዋል።

በመጨረሻ የሚመረመረው ባትሪው ነው። ሞተር ለማስነሣት የተሠራ ባትሪ በአጭር ጊዜ ብዙ ኃይል እንዲሰጥ በስስ ሳህኖች የተሠራ በመሆኑ ደጋግሞ እስከ ታች ሲራገፍ ፈጥኖ ይሞታል፤ በአማካይ 5 አምፔር የሚስብ ስቴሪዮ ሞተር ጠፍቶ 4 ሰዓት ቢሠራ 20 አምፔር ሰዓት ስለሚወስድ፣ ለሙዚቃው የተለየ፣ በዝግታ ለመራገፍ የተሠራ ሁለተኛ ባትሪ መኖሩ የተሻለ ነው። ቦታ ጠቦ አንድ ባትሪ ብቻ ከሆነ፣ ገዢው ስቴሪዮው ለተወሰነ ሰዓት ከሠራና ባትሪው ጥቂት ካረፈ በኋላ በቴስተር መለካት ይኖርበታል፤ የሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ሲያሳይ፣ 12.2 ቮልት ግን ግማሹ ማለቁን ስለሚያመለክት ሞተሩ ከዚያ በፊት መነሣት አለበት። ስቴሪዮው ሰዓቱንና የተመረጡትን ጣቢያዎች ለማስታወስ ሲጠፋም ጥቂት ኤሌክትሪክ ስለሚስብ፣ ለሳምንታት በሚቆም ጀልባ ላይ ይህን ቀጭን መስመር ጭምር የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ በእጅ በቀላሉ በሚደረስበት ቦታ መገጠሙ መታየት ይኖርበታል።