ዛጎል፣ አሸዋና ካርታ፦ ስለ ጥያቄ አዘረጋግ

በራሃድ ወንዝ ዳር በምትገኘው ሀዋታ የጀበና ቡና በሚፈላበት ጥላ ሥር ዛጎል ማስጣል እንግዳ ነገር አይደለም። ሱዳኖች ዛጎሉን «ወደዕ»፣ ጣይዋንም «ሲት አል-ወደዕ» ይሏታል። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ይህን አጥብቀው ይከለክላሉ፤ ክልከላው ግን ጠያቂውን ከደጃፏ አላስቀረውም። ዛጎሉ እውነት ይናገር አይናገር የሚለው ክርክር ለሌላ ጊዜ ይቆይ። የሚመረመረው ቅርጹ ነው፦ ጉዳዩ የተደበላለቀበት ሰው ነገሩን ፊቱ ዘርግቶ ለማየት የሚገለገልበት ሥርዓት ምን ያህል ታስቦበት ተሠራ?

ለንጽጽር የሚመቸው የምዕራባውያኑ ታሮት ነው። 78 ካርታ ያለው ይህ ጨዋታ በ15ኛው መቶ ዓመት በሰሜን ጣሊያን ሲወለድ ከጨዋታነት አላለፈም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1781 ፈረንሳዊው ኩር ደ ዤብለን ያለ አንዳች ማስረጃ የጥንት ግብጻውያን ጥበብ ነው ብሎ ጻፈ፤ የጥንቆላ ዝናው የገነነውም ከዚያ ወዲህ ነው። በ1910 አርተር ዌት ያሳተመው የ10 ካርታ ዝርጋታ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። የዚህ ዝርጋታ ብልሃት የቦታዎቹ ትርጉም ካርታው ሳይወድቅ አስቀድሞ መወሰኑ ነው፦ አንዱ ቦታ ለጉዳዩ፣ አንዱ ለእንቅፋቱ፣ አንዱ ላለፈው፣ አንዱ ለተስፋና ለስጋት። አንባቢው እንዳሻው እንዳይዋልል ቦታው ይይዘዋል። ጉድለቱም እዚያው ነው። አሥሩም ቦታዎች ጠያቂውን ከበው ይቆማሉ፤ ቤተሰብና ጎረቤት በአንዲት ጥግ ታጭቀዋል፤ አሥረኛው ቦታ ደግሞ «ፍጻሜው» ተብሎ ፍርድ ይሰጣል። ማስተዋል የፈለገ ሰው ብይን ተቀብሎ ይሄዳል።

በአሠራር የረቀቀው የአሸዋው ነው። ቱኒዚያዊው ሙሐመድ ኢብን ዑመር አል-ቱኒሲ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በዳርፉር ኖሮ የጻፈው፣ በ1850 በፓሪስ የታተመው መጽሐፉ ለዚህ ጥበብ ሰፊ ቦታ ሰጥቶታል። ጣዩ ሳይቈጥር በጣቱ 16 ረድፍ ነጥብ ይመታል፤ ከየረድፉ ሁለት ሁለት እያደረገ ያጠፋል፤ በመጨረሻ የሚተርፈው አንድ ወይም ሁለት ነጥብ ነው። አራት ረድፍ አንድ ምስል ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ አራት ምስሎች «እናቶች» ይባላሉ፤ የእነዚያው ነጥቦች ወደ ጎን ሲነበቡ አራት «ሴት ልጆች» ይወጣሉ። ስምንቱ ተጣምረው አራት፣ አራቱ ተጣምረው ሁለት «ምስክሮች»፣ ምስክሮቹም አንድ «ሚዛን» ይወልዳሉ። የሚዛኑ ነጥቦች ድምር ምንጊዜም ተጋማሽ ቁጥር ነው፤ እናቶቹና ልጆቹ ከአንድ ነጥብ ስለተሠሩ እያንዳንዱ ነጥብ ሁለት ጊዜ ይገባልና። ጎዶሎ ከወጣ ጣዩ ተሳስቷል። ካርታም ዛጎልም አንባቢውን «ተሳስተሃል» የሚልበት መንገድ የለውም፤ አሸዋው አለው። እርግጥ ሚዛኑ የሚቆጣጠረው የጣዩን እጅ ነው፤ ምላሱን አይደለም።

የሐበሻው ዐውደ ነገሥት በዚህ ረገድ ደካማ ነው። የሰውዬውና የእናቱ ስም ፊደላት ተቈጥረው፣ በ12 ተገድፈው ኮከቡ ይወጣል። ሐመል፣ ሠውር፣ አሰድ፣ ሚዛን የሚሉት የኮከብ ስሞች ከዐረብኛ የመጡ ስለሆኑ ከድንበሩ ወዲያም ወዲህም ትርጉም አያሻቸውም፤ ይህ የሚያስደስት ነገር ነው። ግን ኮከቡ ሲወጣ ጠያቂው ምን እንደቸገረው የሚጠይቅ ቦታ የለም። ስሙ እስካልተለወጠ ኮከቡም አይለወጥም።

ወደ ዛጎሉ እንመለስ። ብዙውን ጊዜ 7 ናቸው። ቋሚ ቦታ የላቸውም፤ በሆድ ወይስ በጀርባ መውደቃቸው፣ መራራቅና መቀራረባቸው ይታያል። ከታሮት የሚበልጡበት አንድ ነገር አለ፤ ሰውን ለብቻው አያቆሙትም፤ ከሌሎች ጋር ምን ያህል እንደራቀ ወይም እንደተጠጋ ያሳያሉ። ነገር ግን ቦታው ስላልተወሰነ ሁሉም ነገር በጣይዋ አንደበት ላይ ይወድቃል፤ አንደበቷም ዘወትር ወደ አንድ ጉዳይ ያዘነብላል፤ ጠላት ፍለጋ። «ከቤትሽ የማትርቅ ጠይም ሴት» ዓይነት ንግግር ቡና እየጠጡ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ዐረቡ፣ ሐውሳው፣ ፈላታውና ኢትዮጵያዊው በአንድ ገበያ በሚገናኙበት በገዳሪፍ አገር፣ ያውም እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 ከፈነዳው ጦርነት ወዲህ ከየአቅጣጫው ተፈናቃይ በገባበት፣ እንዲህ ያለ ፍንጭ ጎረቤት ላይ ጣት ያስቀስራል። የወደቀው ዛጎል ተለቅሞ ይመለሳል፤ የተጠረጠረችው ሴት ግን እዚያው ሰፈር ትኖራለች።

በዚያ ጥላ ሥር የሚጠየቀው ከባዱ ጥያቄ ደግሞ «ልቆይ ወይስ ልመለስ?» የሚለው ነው። በ2020 መጨረሻ ከኢትዮጵያ ጦርነት ሸሽቶ ገዳሪፍ የገባ ሰው፣ ከሦስት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ የተጠጋባት አገር ራሷ በጦርነት ስትነድ አየ፤ ከወዲያ ማዶም አማራ ክልል ከ2023 ክረምት ጀምሮ ሰላም አላገኘም። ለዚህ ሰው «አዎ» ወይም «አይ» የሚል ዛጎል ምን ይፈይድለታል? ለእርሱ የሚበጀው ዝርጋታ ቢነደፍ ከታሮት ቋሚ ቦታን፣ ከአሸዋው ሚዛንን፣ ከዛጎሉ ቅርበትን መዋስ ይችላል። አንዱ ቦታ በዓይኑ ላየው፣ ሌላው በወሬ ብቻ ለሰማው ይሁን፤ እነዚህ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው ሰው የሚጠፋው። ሦስተኛው አብሮት ለሚጓዘው ወይም ጥሎት ለሚሄደው ሰው ይሁን። አራተኛው ገና ላልተጠየቀው ጥያቄ ባዶ ይቆይ። የጠላትም የፍጻሜም ቦታ አይኑረው።

እንዲህ ያለው ዝርጋታ ገበያ ማግኘቱ ያጠራጥራል። ጠያቂው ገና ሲቀመጥ «በያድ» የሚባለውን ገንዘብ የሚጥለው ቁርጡን ለመስማት ነው። አራተኛው ቦታ ላይ ስትደርስ «ይህን ዛጎል አያውቀውም፤ ዛሬ ጠዋት ከገላባት የገባውን ሾፌር ጠይቂ» የምትል ጣይ በማግሥቱ በያድ የሚጥልላት ሰው ላታገኝ ትችላለች።